በረዶው የዘለለው ማሳ

በረዶ አስተምራለሁ። ቡሬ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ድምፄን በሚውጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የውሃ ጠብታ እንዴት ሽቅብ ተነድቶ እንደሚጠጥር፣ ለምንስ አንዱን መንደር ደብድቦ ሌላውን እንደሚያልፍ ለሚያዛጉ ወጣቶች አስረዳለሁ። ይህን ለማወቅ ወጣትነቴን በቀዝቃዛ አገር ጨርሻለሁ። ስመለስ የጠበቀኝ ባል አልነበረም፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነትም ከእኔ በኋላ ለመጣ፣ ከእኔ ያነሰ ለተማረ ወንድ ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ያን ክረምት አክስቴ ዘንድ ስሄድ ለሰው ልጅ የሚተርፍ ብዙ ርኅራኄ ይዤ አልሄድኩም።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ተወልዳ ያደገችው ደጋው ላይ፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ነው፤ የተዳረችው ግን ሞቅ ወዳለው አገር፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ወርደው ጥቂት በእግር ወደሚገቡበት የበርበሬ መንደር ነው። ልጅ የላትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋ የሚሠራው በወንፈል ነው፤ እሷ ለጎረቤቶቿ ታርማለች፣ በርበሬ ትለቅማለች፣ እነሱ በተራቸው በሬ ጠምደው ያርሱላታል። ባልቴት ተራዋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አልደነገገም፤ ማንም ግን ሌላ ዓይነት ሲሆን አላየም። ቢሆንም ከወንፈል የወጣ ሰው መሬት እያለው መሬት እንደሌለው ይቆጠራል፤ ሴት ከሆነችማ ነገሩ አያጠራጥርም።

ሐምሌ ነበር። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተበት ሳምንት፣ ደግሞ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ስደርስ የበርበሬ ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ የሚዛወርበት ጊዜ እያለቀ ነው። ጎረቤቶቿ ሁሉ ተክለው ጨርሰዋል። አክስቴ ብቻዋን ስለሆነች ግማሹን ተክላ፣ ግማሹ ገና በመደቡ ላይ በሣር ጥላ ሥር ቆሟል።

በደረስኩ ማግስት ጠዋት እሷ እየተከለች እኔ ችግኙን በሳፋ አመላልስላት ጀመር። በዙሪያችን ሰው አልነበረም። የሚያርስ የለም፤ የሚያርም የለም፤ በሬውን የሚገሥጽ ድምፅ አይሰማም። አክስቴ አንድ ጊዜ ቀና ብላ፣ ዛሬ ሰዉን ምን ዋጠው፣ ለቅሶ ኖሮ ይሆን እንዴ አለች። ለቅሶ ቢኖር ሳትጠራ እንደማትቀር ሁለታችንም እናውቃለን። ተመልሳ አጎነበሰች።

ከቀትር በኋላ በምዕራብ በኩል አንድ ደመና ቆመ። ቆመ የምለው በትክክል ነው፤ ሌሎቹ ደመናዎች ይሄዳሉ፣ ይህኛው ባለበት ወደ ላይ ያድግ ነበር። አናቱ ብረት እንደሚቀጠቀጥበት የአንጥረኛ መስፍ ተዘረጋ። ሆዱ ጠቆረ፤ ጥቁረቱ ውስጥም ሐሞት የመሰለ አረንጓዴ ገባበት። ይህን ደመና በሥዕል ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አሳይቻለሁ። ሜዳ ላይ ቆሜ ሳየው ግን እግሬ ቀድሞኝ ወደ ቤት ዞረ። በረዶው ከመውረዱ በፊት ድምፁ መጣ፤ ሰማይ ላይ የተተከለ ወፍጮ ሳያቋርጥ የሚፈጭ ይመስላል። ነጎድጓድ አይደለም። ነጎድጓድ ይናገርና ዝም ይላል፤ ይህ ዝም አይልም።

ከዚያ ወረደ።

ከአክስቴ ደጃፍ ፊት ለፊት የሚታየው የድንበር ጎረቤቷ ማሳ ነው። ሁለቱን ማሳዎች የሚለያቸው አንድ ሰው ቢጋደምበት የሚሞላው የሣር ድንበር ብቻ ነው። በረዶው ያን ማሳ ከላይ እስከ ታች ሲደበድብ፣ ለጋው ቅጠል ሲዘነጠል፣ ግንዱ ሲቀነጠስ፣ ጭቃው ወደ ላይ ሲረጭ ቆመን አየን። ከድንበሩ ወዲህ የሚወርደው ግን ዝናብ ነበር፤ ከባድ ዝናብ፣ ግን ዝናብ። አልፎ አልፎ አንድ ፍሬ በረዶ መንገድ እንደሳተ እንግዳ ወደ እኛ ዘልቆ ደጃፉ ላይ ይነጥር ነበር። በረዶ በጠባብ መንገድ እንደሚሄድ፣ የመንገዱም ዳር አንዳንድ ጊዜ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ እንደሚሆን አውቃለሁ። ማወቄ ለማየት አላዘጋጀኝም። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የጎረቤቷን ልጆች ከትልቁ እስከ ትንሿ አንድ በአንድ በስማቸው ትጠራ ነበር፤ ልጆቹ ቤት ውስጥ ናቸው፣ አልተነኩም፤ የምትጠራቸው ዓመቱን ምን እንደሚበሉ እያሰበች ነው።

ሲያባራ ምድሩ ነጥቶ ከላዩ ጭጋግ ይነሣ ነበር። የተቀጠቀጠ ለጋ የበርበሬ ቅጠል ሽታ አገሩን ሞላው። እኔ ድንበሩ አጠገብ ከወደቁት ትልቁን አንሥቼ በሽንኩርት ቢላ ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡ ድርብ ድርብ ነው፤ አንዱ ንብርብር እንደ ወተት የነጣ፣ ቀጣዩ እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ከዚያ ደግሞ ወተት። ነፋስ ሽቅብ ባነሣው፣ ክብደቱም ቁልቁል በጎተተው ጊዜ ያለፈበት ሁሉ እዚያ ተጽፏል። በመካከሉ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ አለች፤ ውሃው መጀመሪያ የያዛት አቧራ ናት። ያን ያህል ያማረ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም። ቀና ስል ጎረቤቷ በነጣው ማሳው መካከል፣ ጋቢው ትከሻው ላይ ረጥቦ፣ ቆሞ ያየኛል።

በማግስቱ አክስቴ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሳይሞሉ እያነሡ መንገድ ለቀቁላት። ወደ ኋላ የቀረች አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ምን አደረግሽ ልጄ፣ ምነው ቀኑን ሻርሽው ብላ ጠየቀቻት። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠልን። አምና በረዶ መንደሩን መትቶ ስለነበር ሰበካው ስእለት ገብቷል፤ በክረምት ወራት በእስጢፋኖስ ወርኃዊ ቀን ማንም ሰው መሬት በብረትም በእጅም እንዳይነካ ከቅዳሴ በኋላ ታውጇል። አንድ ሰው ቀኑን ቢሽር በረዶው የሚወርደው በሁሉም ላይ ነው። እኛ ችግኝ ስንተክል የዋልነው በዚያ ቀን ነበር። በረዶው ደግሞ የሁሉንም ማሳ ደብድቦ የዘለለው የእሷን ብቻ ነው። ጥፋተኛዋን በጣት እንደጠቆመ ተቆጠረ፤ ከዚህ የባሰ ምስክር ከሰማይ ሊወርድ አይችልም።

አዋጁ ሲነገር አክስቴ አልነበረችም። ከክረምቱ በፊት ወንድሟ ሞቶ ደጋ ላይ ለቅሶ ተቀምጣ ነበር፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። አብሬያት ተመልሼም ወደ ቡሬ እስክሄድ ድረስ ቤቷ ሰንብቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም መጥቶ ስለ ስእለቱ አልነገራትም፤ ከዚያ ወዲህ ነግሯት ቢሆን ኖሮም ያን ጠዋት ሰዉን ምን ዋጠው አትልም ነበር። ይህን እንደ ስሜ አውቃለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ዓይናቸው የደከመ ጆሯቸው ግን ያልደከመ ቄስ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው መካከል ሆኑ። አክስቴ ቆማ ነበር። የሚወሰነው ግልጽ ነው፤ ከወንፈል ትውጣ ወይስ ትቆይ።

እንድናገር ጠየቅሁ፤ ፈቀዱልኝ። ደመናው ከየት እንደመጣ፣ ነፋስ ውሃን እንዴት ሽቅብ እንደሚነዳ፣ የበረዶ መንገድ ጠባብ እንደሆነ፣ ማንንም መርጦ እንደማይመታ፣ ማንንም መርጦ እንደማይምር አስረዳሁ። በጥሩ አማርኛ፣ አንድም የፈረንጅ ቃል ሳላስገባ ተናገርኩ። ተማሪዎቼ እንደዚያ ሰምተውኝ አያውቁም። ስጨርስ ጎረቤቷ ከኋላ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እሜቴ ዶክተር፣ በረዶውን በቢላ ሲከፍሉት አይቼዎታለሁ። ሆዱ ውስጥ የማንን ስም አገኙ?»

ሰዉ ተንጫጫ። «የማንም ስም የለበትም» አልኩ። «መካከሉ ላይ ያለው አቧራ ነው።»

«አቧራው ከማን ማሳ ነው?»

ያን ጊዜ ሳቁ። የሳቁት ግን ሳቅ ያማራቸው ሰዎች ሆነው አልነበረም፤ የአንዳንዱ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። እኔ አበሥራቸዋለሁ ያልኩት ምሥራች፣ ማንም አላጠፋም የሚለው፣ ለእነሱ መርዶ ነበር። የሰው ጥፋት ከሆነ ይክሱታል፣ ይጸልዩበታል፣ ለከርሞ ይጠነቀቁለታል። የማንም ካልሆነ ግን ከርሞም እንዲሁ ይመጣል፤ እነሱም እንዲሁ ቆመው ያያሉ። እውነቱን ይዤ የሄድኩ እኔ ነኝ፤ ግን በዚያ እውነት ላይ የሚተከል ነገር አልነበረም።

አስተዳዳሪው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉና ወደ አክስቴ ዞሩ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም።

«ልጄ፣ አዋጁ ሲነገር ለቅሶ ላይ እንደነበርሽ አውቃለሁ። በሌለ ሰው ፈንታ የድንበር ጎረቤቱ ሰምቶ ይነግረዋል፤ ልማዳችን ይኸው ነው። ሰምተሻል ወይስ አልሰማሽም?»

እኔ ያን ጊዜ ጎረቤቷን አየሁት። እስካሁን ቀና ብሎ የነበረው ሰው ዱላውን ይመለከት ነበር፤ አውራ ጣቱ የዱላውን ጉጥ ያሻል። ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ የጮኸውም ለዚህ ነበር። መናገር ጀመርኩ። አክስቴ ሳትዞር የእጄን አንጓ ያዘች፤ የያዘችበትን ቦታ እስከ ማታ ያመኝ ነበር።

«ሰምቻለሁ፣ አባታችን» አለች። «ነግሮኝ ነበር። የዘነጋሁት እኔ ነኝ።»

አስተዳዳሪው የስግደት ንስሐ ሰጧት፤ ወንፈሉን በተመለከተ ግን ሰዉ ራሱ ይወስን አሉ። ጎረቤቷ አሁን አልተናገረም። ሌላ ሰው ነው ከጎን፣ ንስሐ በርበሬ አያበቅልም ያለው። አክስቴም መለሰች፤ መደቧ ላይ ያልተተከለ ችግኝ አለ፣ ማሳ ለተመታበት ሁሉ ባይበቃም ላንዳንዱ ይደርሳል፣ መጥቶ የሚወስድ ካለ ይውሰድ አለች። የተሻረ ቀን ችግኝ ማን ደፍሮ ማሳው ላይ ይተክላል? ሰዉ ሳይወስን ተበተነ፤ ሳይወሰን መቅረቱ ራሱ ውሳኔ ነበር።

ቤት ስንገባ ንዴቴን እንደ ሪፖርት በቅደም ተከተል አቀረብኩላት። ሰውዬው አልነገረሽም። አለመንገሩን ያውቃል። አውቆም ከሁሉ በላይ ጮኸብሽ። አንቺ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመሽ፣ በካህን ፊት፣ ስለ እሱ ብለሽ ዋሸሽ። አክስቴ እየሰደብኩላት እንጂ እየመከርኳት እንዳልሆነ ገብቷት ሽንኩርቷን እየላጠች አዳመጠችኝ።

«አልነገረኝም ብል» አለች በመጨረሻ፣ «በረዶው የእሱ ይሆናል።»

«በረዶው የማንም አይደለም።»

«ለአንቺ። እዚህ የአንድ ሰው መሆኑ አይቀርም።» ቢላውን አስቀመጠች። «እኔ የቆመ በርበሬ አለኝ። እሱ ምን ቆሞለታል? ማሳው ወደቀ፤ አሁን ደግሞ አገሩን ያስመታ እሱ ነው ተብሎ ስሙ ይውደቅ? አምስት አፍ ይዞ የት ይገባል?»

ሐሰቱስ ብዬ ጠየቅኋት፤ መጠየቄ ከክፋት ነበር፣ ምክንያቱም እኔ ለእንዲህ ያለው ነገር ግድ የለኝም፣ እሷ ግን አላት።

«እሱን ለእስጢፋኖስ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አለች። «ድንጋይ የወረደበት ነው። ይገባዋል።»

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ማንም አልተናገራትም። እሳት ሊጭር ቤቷ የሚመጣ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዴት አደርሽ የሚላት ጠፋ። የእኛን የተተከለ በርበሬ አረም እየቀደመው ነበር፤ ሁለት ሴቶች አልቻልነውም። የጤፉ መሬት ደግሞ ሁለተኛ እርሻውን ይጠብቃል፤ በሬ ያለው ሁሉ አጠገቡ አልፎ ይሄዳል። መደቡ ላይ ያለው ችግኝ ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ፣ አንገቱ እየቀጠነ መጣ። ችግኝ ጊዜው ካለፈ ቢተከልም አይጸድቅም። አክስቴ ጠዋት ጠዋት የሣሩን ጥላ ገለጥ አድርጋ ታየዋለች። እኔ በበኩሌ እንዲነቀልና ለከብት እንዲጣል ሐሳብ አቀረብኩ፤ በቁጥር የተሰላ፣ ትክክል የሆነ ሐሳብ። ትንሽ ይቆይ አለችኝ። ምን እንደምትጠብቅ አላውቅም ነበር። ሰው አይመጣም የሚል ግምት ነበረኝ፤ ግምቴ በራሴ ሕይወት ላይ ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት አምነዋለሁ።

አንድ ጠዋት ጎረቤቷ መጣ። አጥሩ መግቢያ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። አክስቴ መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር፤ አልተነሣችም። ለእሷ ክብር ሲሰጥ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው «እትዬ» አለ፣ ዓይኑን ወደ መደቡ ወርውሮ።

«ችግኙ እያረጀ ነው» አለ።

«እያረጀ ነው» አለች።

ጋቢውን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እኔ እንድሰማ ባልታሰበ ድምፅ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ አልነገርኩዎትም» አለ።

አክስቴ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

«የቱን?» አለች።

መልሱን ሳትጠብቅ ተመልሳ ወደ መደቡ አጎነበሰች። «ስሩ እንዳይበጠስ ውሃ አጠጥቼዋለሁ» አለች። «ና ያዝልኝ፤ ጀርባዬን አሞኛል።»

ገባ። ጋቢውን አጥሩ ላይ ሰቀለ፤ ተንበርክኮ ችግኝ ይነቅል ጀመር። ትላልቅ ጣቶቹ ለሥራው የተሠሩ አይመስሉም፤ ግን እያንዳንዱን ግንድ ከነአፈሩ፣ ከእናቱ እንደሚወሰድ ሕፃን ያነሣው ነበር። ሳፋውን እኔ ያዝኩ። ሲሞላ ወደ እሱ ማሳ ልወስደው ድንበሩን ልሻገር ስል ከኋላዬ ጠራኝ። መጀመሪያ ወደ እርሷ ማሳ ነው አለኝ፤ ያልተተከለው ግማሽ መሬቷ ይሙላ፣ ከዚያ የእኔ ይቀጥላል። አክስቴ ተቃወመች፤ አልሰማትም። ከቀትር በፊት ሚስቱ መጣች። ከእሷ ኋላ ምንጭ ላይ የሸሹት ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ደረሱ፤ የመጡት በሌላ ጉዳይ በመንገድ ሲያልፉ የተገናኙ ያህል ነበር። ማንም ስለ ወንፈል ያነሣ የለም። ቀትር ላይ ግን ሁለት ጥማድ በሬዎች የአክስቴ የጤፍ መሬት ዳር ቆመው አየሁ።

ምሳ ስንበላ ጎረቤቷ ከእኔ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ። እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ ይፈለፍል ነበር። ኋላ ላይ፣ ለሹፈት ሳይሆን የእውነት ማወቅ ፈልጎ ጠየቀኝ።

«እሜቴ ዶክተር፣ ያ አቧራ ግን በውነት የማን ነው?»

ለአንድ ጊዜ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ መለስኩ። አይታወቅም አልኩት፤ ከቅርብም ሊነሣ ይችላል፣ ነፋስ ከሩቅም ያመጣዋል፣ ከሱዳንም ሊሆን ይችላል።

ጥቂት አሰበበት። «እንግዲያው» አለ፣ «ሱዳንን ከወንፈል እናስወጣታለን።»

ሴቶቹ እየሳቁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አክስቴ ግን ከሁሉ ይልቅ ሳቀች፤ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ከዚያ ሰዉ ተነሣ፤ ምዕራቡን ቀና ብሎ ያላየ ማንም አልነበረም፤ ሰማዩ ንጹሕ ነበር፤ ወደ ቀረው ችግኝ ተመለስን።